ባዝ ከባዝ፦ የአረብ አንድነት ፓርቲ ለሁለት የተሰነጠቀበት ታሪክ

ጃንዋሪ 29 ቀን 2025 ደማስቆ ላይ የተሰበሰቡት አዲሶቹ የሶሪያ የጦር መሪዎች አህመድ አልሻራን የሽግግር ፕሬዚዳንት አድርገው ሲሰይሙ፣ አገሪቱን ከ60 ዓመት በላይ ሲገዛ የኖረው የባዝ ፓርቲ መፍረሱን፣ ንብረቱ ለመንግሥት እንደሚመለስና በሌላ በማንኛውም ስም ዳግም እንዳይቋቋም መከልከሉን አብረው አስታወቁ። ብዙዎቻችን ዜናውን የሰማነው የአሳድ ቤተሰብ አገዛዝ የመጨረሻ ምዕራፍ አድርገን ነው። ይሁን እንጂ በዚያ ቀን የፈረሰው ድርጅት ራሱ የአንድ አሮጌ መሰንጠቅ ግማሽ አካል ነበር። መሥራቾቹን በ1966 በታንክ አባርሮ ስማቸውን፣ ባንዲራቸውንና መፈክራቸውን ይዞ የቀረው ወገን እሱ ነው፤ ሌላው ግማሽ ደግሞ መሥራቹን ተቀብሎ ባግዳድ ላይ ከነገሠ በኋላ በ2003 በአሜሪካ ወረራ ወድቋል።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ያ መሰንጠቅ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።) አስተያየቴን ከመነሻው ግልጽ ላድርግ። ባዝን ለሁለት የከፈለው የርዕዮተ ዓለም ልዩነት ነው የሚለው ማብራሪያ ለሁለቱም ወገኖች የሚመች በመሆኑ ለብዙ ጊዜ ሲነገር ቆይቷል፤ የነገሩን ሥር ግን አይነካም። ፓርቲው አባላቱ ጥቂት፣ በሕዝቡ ውስጥ ያለው መሠረትም ስስ ሆኖ ሳለ፣ ሥልጣን ላይ ለመውጣት የመኮንኖችን ትከሻ ተደገፈ። ከዚያ በኋላ በውስጡ የተነሣ ክርክር ሁሉ ጉባኤ ላይ ይጀመር እንደሆነ እንጂ የሚያልቀው በጦር ሰፈር ነበር። የኛም አገር የፖለቲካ ትውልድ “አንጃ” የሚለውን ቃል ክብደት ጠንቅቆ ያውቀዋል፤ በባዝም ቤት ይህ ስም የሚለጠፈው ማን ከመስመር እንደወጣ ተመርምሮ ሳይሆን በዚያ ሌሊት የተሸነፈው ማን እንደሆነ ታይቶ ነው።

“ባዝ” በአረብኛ ትንሣኤ፣ ዳግም መነሣት ማለት ነው። ሐሳቡን በዋናነት ያደራጁት ሚሼል አፍላቅና ሳላህ አልዲን አልቢጣር ሁለቱም ሚዳን ከሚባለው የደማስቆ ሰፈር የወጡ ናቸው፤ አፍላቅ ከኦርቶዶክስ ክርስቲያን፣ አልቢጣር ከሱኒ ሙስሊም ቤተሰብ ተወለዱ። ሁለቱም በፈረንሳይ ቅኝ አገዛዝ ዘመን ፓሪስ ሄደው በሶርቦን ዩኒቨርሲቲ ተማሩ፤ ተመልሰውም በደማስቆ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆኑ፤ አፍላቅ ታሪክ፣ አልቢጣር ሒሳብና ፊዚክስ። ከእነሱ ጎን ለጎን፣ ነገር ግን ከእነሱ ጋር ሳይዋደድ፣ ዘኪ አልአርሱዚ የሚባል፣ ከሺዓ እስልምና የወጣው አናሳ የአላዊ ሃይማኖታዊ ወገን የሆነ ሌላ አስተማሪ ተመሳሳይ ሐሳብ ይሰብክ ነበር። አልአርሱዚ በ1939 ወደ ቱርክ ከተጠቃለለው ከእስክንድሩና ግዛት ተሰዶ የመጣ፣ የአረብ ምድር ሲቆረስ በዓይኑ ያየ ሰው ነው። በኤፕሪል 1947 ከ200 የሚበልጡ ሰዎች፣ አብዛኞቹ መምህራንና ተማሪዎች፣ ደማስቆ ውስጥ አንድ ቡና ቤት ተሰብስበው የፓርቲውን መሥራች ጉባኤ አካሄዱ። “አንድነት፣ ነፃነት፣ ሶሻሊዝም” የሚለው መፈክር ከዚያ ጀምሮ የፓርቲው መታወቂያ ሆነ። ቅደም ተከተሉ ትርጉም ነበረው፤ ከሁሉ በፊት የሚመጣው የአረቦች አንድነት ነበር።

በዚያ ጉባኤ የጸደቀው የፓርቲው ሕገ ደንብ የአረብን አገር ድንበር ሲያሰምር ከቶሮስ ተራራ ይነሣና የባስራን ባሕረ ሰላጤ፣ የሐበሻን ተራሮች፣ ሰሐራን፣ አትላንቲክንና ሜዲትራኒያንን ይጠራል። ኢትዮጵያዊ አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ማለቱ አይቀርም። የደጋችን ግርጌ የአረብ አገር ዳርቻ ሆኖ በደማስቆ ቡና ቤት መጻፉ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ጉዳይም አልነበረም። ባዝ በ1963 ሶሪያን ከያዘ በኋላ ለጀብሃ (ለኤርትራ ነፃ አውጪ ግንባር) ታጋዮች የጦር ሥልጠናና መሣሪያ መስጠት ጀመረ፤ በኋላ ባግዳድ ያለው ባዝም በተመሳሳይ መንገድ ለኤርትራ ድርጅቶች እጁን ዘረጋ። ሁለቱ የማይነጋገሩ ወንድማማቾች ከሩቅ አንድ ዓይነት ጉዳይ ሲደግፉ በአገራችን ጥቂት ሰው ነው በመካከላቸው ያለውን ጠብ ያስተዋለው።

የጠቡን አመጣጥ ለመረዳት የፓርቲውን አወቃቀር ማየት ይጠቅማል። በባዝ ቋንቋ ሶሪያ፣ ኢራቅ ወይም ዮርዳኖስ “አገር” አይባሉም፤ እያንዳንዳቸው በአረብኛ “ቁጥር” ማለትም ክፍለ አገር ናቸው። አገር ተብሎ የሚጠራው ከውቅያኖስ እስከ ባሕረ ሰላጤ ያለው የአረብ ምድር በጠቅላላ ነው። ስለዚህ በየክፍለ አገሩ አንድ የክፍለ አገር አመራር አለ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከየአገሩ የተውጣጣ ብሔራዊ አመራር ይቀመጣል። በሕገ ደንቡ መሠረት የበላይ አዛዡ ብሔራዊ አመራሩ ነው። ፓርቲው በየትኛውም አገር ሥልጣን ባልያዘበት ዘመን ይህ አሠራር ብዙ አላስቸገረም። አንዱ ክፍለ አገር ሠራዊት፣ ግምጃ ቤትና ሬዲዮ ጣቢያ ሲኖረው ግን ነገሩ ተለወጠ። አፍላቅ የሚመራው ብሔራዊ አመራር ያለው ማኅተም ብቻ ነበር፤ ከበታቹ ያለው የሶሪያ አመራር ደግሞ ብረት ለባሽ ብርጌድ ነበረው። ባለማኅተሙ ባለብርጌዱን እንዲያዝ የሚጠብቅ አወቃቀር መጨረሻው ምን እንደሚሆን ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም።

ከ1966 በፊትም መሰንጠቅ ነበር። በ1952 መገባደጃ ላይ የሐማ ገበሬዎችን በባለርስቶች ላይ ያንቀሳቀሰው አክራም አልሐውራኒ የራሱን የአረብ ሶሻሊስት ፓርቲ ይዞ ከባዝ ጋር ተዋሐደ፤ ባዝ በስሙ ላይ “ሶሻሊስት” የሚለውን ቃል የጨመረው በዚያ ጊዜ ነው። ውሕደቱ ለፓርቲው ገበሬና የጦር መኮንን አመጣለት፤ አልሐውራኒ ለፓርላማ ድምፅም ለመፈንቅለ መንግሥትም ሰው የሚያውቅ ፖለቲከኛ ነበርና። በ1958 ሶሪያና ግብፅ ሲዋሐዱ ግን ገማል አብደል ናስር ፓርቲዎች ሁሉ ይፍረሱ አለ፤ የሶሪያ ባዞችም ለአንድነቱ ሲሉ ፓርቲያቸውን በገዛ እጃቸው አፈረሱ። ይህ ውሳኔ በአባላቱ ልብ ውስጥ የተወው ቁስል አልዳነም። በዮርዳኖስ አብደላ ሪማዊ፣ በኢራቅ ደግሞ የፓርቲው ዋና ጸሐፊ የነበረው ፉአድ አልሪካቢ ከናስር ጋር ወግነው ተለዩ። በሴፕቴምበር 1961 ሶሪያ ከግብፅ ስትገነጠል አልሐውራኒና አልቢጣር መገንጠሉን በሚደግፍ ሰነድ ላይ ፈረሙ፤ አልቢጣር ፊርማውን ቆይቶ ቢያነሣም አልሐውራኒ አቋሙን ይዞ በቀጣዩ ዓመት ከፓርቲው ወጣ። የአንድነት ፓርቲ በአንድነት ጉዳይ ላይ በየአቅጣጫው ተበተነ ማለት ነው።

ከሁሉ የከፋው ፍንጣሪ ግን ድምፅ ሳያሰማ ካይሮ ውስጥ ተረገዘ። በውሕደቱ ዘመን ወደ ግብፅ የተላኩ አምስት ወጣት የሶሪያ መኮንኖች “የጦር ኮሚቴ” የሚባል ስውር ቡድን አቋቋሙ። ሙሐመድ ኡምራን፣ ሳላህ ጀዲድና ሐፌዝ አልአሳድ አላዊዎች፣ አብዱልከሪም አልጁንዲና አህመድ አልሚር ኢስማኢሊዎች (ሌላ አናሳ የሺዓ ወገን) ነበሩ፤ ሁሉም ከገጠርና ከትናንሽ ከተሞች የተገኙ፣ ደማስቆ በንቀት የምታያቸው የድሃ አካባቢ ልጆች ናቸው። ፓርቲያቸው ሳይጠይቃቸው መፍረሱ አንገብግቧቸው ነበርና አፍላቅንና አልቢጣርን ይቅር አላሉም። ለመሥራቾቹም ስለ ቡድኑ መኖር አልነገሯቸውም። መሥራቾቹ ሥልጣን በእጃችን ገባ ብለው ሲደሰቱ፣ ከበስተጀርባው የቆመው ሌላ ድርጅት ፓርቲውን በልብሱ ስር ይዞት ነበር።

በ1963 መፈንቅለ መንግሥቶቹ በአንድ ወር ልዩነት ተከታትለው መጡ፤ ፌብሩዋሪ 8 ባግዳድ፣ ማርች 8 ደማስቆ። ለጥቂት ወራት የአረብ አንድነት ደጃፍ ላይ የደረሰ ይመስል ነበር። ጎረቤታሞቹ ሁለት አገሮች በአንድ ፓርቲ እጅ ወድቀዋል፤ በኤፕሪል ካይሮ ላይ ከናስር ጋር የሦስትዮሽ ውሕደት ስምምነት እስከ መፈራረም ተደርሶም ነበር። ስምምነቱ ከወረቀት አላለፈም። በኢራቅ የባዝ ሚሊሺያ የነበረው ብሔራዊ ዘብ በየሰፈሩ እየዞረ ያሰረና የገደለ በመሆኑ፣ ፓርቲውም እርስ በርሱ በመባላቱ፣ በኖቬምበር የኢራቅ ፕሬዚዳንት አብዱልሰላም አሪፍ ሠራዊቱን አስነሥቶ ባዞቹን ከዘጠኝ ወር በኋላ አባረራቸው። የሶሪያዎቹ መኮንኖች ከዚህ የቀሰሙት ትምህርት አንድ ነበር፦ ሠራዊቱን ለማንም አሳልፎ አለመስጠት። ከእነሱ ጋር ያልሆነውን መኮንን በመቶዎች እያሰናበቱ በምትኩ የአገራቸውን ልጆች፣ ዘመዶቻቸውንና የታመኑ ጓደኞቻቸውን አስገቡ።

አፍላቅ ይህን ሁሉ የተመለከተው እንደ መምህር ነው፤ ሰዎቹን በንግግር የሚመልሳቸው መስሎት ነበር። ዝግ ባለ ድምፅ፣ በየመካከሉ ቆም እያለ የሚናገረው ይህ ሰው ለወጣት ተማሪዎች መንፈሳዊ አባት ያህል ነበር፤ ለመኮንኖቹ ግን የጠገቡት ሽማግሌ ሆኖባቸዋል። በ1965 መጨረሻ ብሔራዊ አመራሩ የመጨረሻ ጥይቱን ተኮሰ፤ ዲሴምበር ላይ የሶሪያን የክፍለ አገር አመራር አፈረሰና አልቢጣር ጠቅላይ ሚኒስትር እንዲሆን አደረገ። ከጦር ኮሚቴው መሥራቾች አንዱ የነበረው ሙሐመድ ኡምራንም ከጓደኞቹ ተለይቶ መከላከያ ሚኒስትር ሆነ። ሕጉ ከአፍላቅ ጋር ነበር፤ በሕገ ደንቡ የበላይ የሆነው አካል የበታቹን ማፍረስ ይችላልና። ፌብሩዋሪ 23 ቀን 1966 ሲነጋ መልሱ መጣ። በሰሊም ሐቱም የሚመሩ ኮማንዶዎች የፕሬዚዳንት አሚን አልሐፊዝን መኖሪያ ከበቡ፤ ጠባቂዎቹም ለሰዓታት ተታኮሱ። እስከዚያ ድረስ በሶሪያ መፈንቅለ መንግሥት ሲባል ሌሊት ታንክ ወጥቶ ጠዋት በሬዲዮ መግለጫ የሚነበብበት ነገር ነበር፤ ይህኛው ግን ብዙ ደም አፍስሶ አለፈ። አልሐፊዝና ኡምራን ወህኒ ወረዱ፤ አልቢጣር ታስሮ አመለጠ፤ አፍላቅ ቤይሩት ገባ፣ ቆይቶም እስከ ብራዚል ድረስ ተሰደደ።

በዚያ ማለዳ ባዝ ሁለት ሆነ። ለሁለቱ ወገኖች በየጊዜው የተሰጡ ስያሜዎች አሉ፤ ደማስቆ የቀሩት ግራ ዘመምና ለመደብ ትግል ያደሩ፣ የተሰደዱት ደግሞ ቀኝና ብሔርተኛ ይባላሉ። በርግጥ የአነጋገር ልዩነት ነበራቸው። ነገር ግን በ1963ቱ ጉባኤ የማርክሲዝም ጠረን ያለበትን ሰነድ ያረቀቁትና የደገፉት ብዙዎቹ ሲቪል ምሁራን መሆናቸውን፣ ከእነሱም ገሚሱ ከሁለቱም ወገን ሳይሆኑ ተገፍተው መውጣታቸውን ላስተዋለ ሰው ይህ ክፍፍል አሳማኝ አይደለም። ሰሊም ሐቱም ራሱ የዚያ ማለዳ ጀግና ተብሎ ሰባት ወር ሳይሞላው በሳላህ ጀዲድ ላይ ሌላ መፈንቅለ መንግሥት ሞክሮ ወደ ዮርዳኖስ ሸሸ፤ በ1967 ሲመለስም በጥይት ተደበደበ። በእሱና በጀዲድ መካከል ምን የርዕዮተ ዓለም ልዩነት ነበር? አንዳችም የለም፤ የሹመትና የወገን ጉዳይ ነው።

ደማስቆ መሥራቾቿን ስላባረረች መሥራች ያስፈልጋት ነበር። ስለዚህ አልአርሱዚን፣ ያንን የተረሳ አስተማሪ፣ እውነተኛው የባዝ አባት ብላ አነሣችው፤ በ1968 እስኪሞትም አከበረችው። በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ ሌሎቹ ባዞች በአህመድ ሐሰን አልበክር መሪነት ባግዳድን ዳግም ያዙ። ከአልበክር ጀርባ የቆመው ሳዳም ሁሴን በ1964 ወደ ኢራቅ የፓርቲ አመራር የገባው በአፍላቅ ድጋፍ ነበርና ውለታው ተከፈለ። አፍላቅ ባግዳድ ገባ፤ ዋና ጸሐፊ የሚለው ማዕረጉም ተመለሰለት። ቢሮ፣ ክብርና መኪና ነበረው፤ የሚወስነው ነገር ግን አልነበረም። በ1989 ፓሪስ ላይ ሲሞት አስከሬኑ ወደ ባግዳድ ተወስዶ በታላቅ ሐውልት ሥር ተቀበረ፤ የኢራቅ መንግሥትም ክርስቲያን ሆኖ የኖረው መሥራች ከመሞቱ በፊት እስልምናን ተቀብሎ ነበር ሲል አስታወቀ። አልቢጣር እንዲህ ያለ ቀብር አላገኘም። ፓሪስ ተቀምጦ የደማስቆን መንግሥት ሲተች በጁላይ 1980 በጥይት ተገደለ። ኡምራንም ከዚያ ስምንት ዓመት ቀደም ብሎ ሊባኖስ ትሪፖሊ ውስጥ ተገድሏል።

ከአሸናፊዎቹ ወገንም ዕጣው የተሻለ አልነበረም፤ ለኔ ከዚህ ታሪክ ሁሉ ትኩረት የሚገባው ክፍል ይህ ነው። ከ1966 በኋላ ሶሪያን በግንባር የመሩት ሦስት ሐኪሞች ናቸው። ፕሬዚዳንቱ ኑረዲን አልአታሲ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዩሱፍ ዙዓይንና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ኢብራሂም ማኩስ ሦስቱም በወጣትነታቸው አልጄሪያ ሄደው ከፈረንሳይ ጋር ይዋጉ የነበሩትን ቁስለኞች በፈቃደኝነት ያከሙ ነበሩ። ከጀርባቸው ሆኖ የሚያዘው ሳላህ ጀዲድ ነው። ጀዲድ ዝምተኛ፣ በአደባባይ መታየት የማይወድ፣ ኑሮውም ቀላል የሆነ ሰው ነበር። በ1965 የጄኔራልነት ልብሱን አውልቆ የፓርቲው ምክትል ጸሐፊ ሆነ፤ ፓርቲውን የያዘ አገሩን ይይዛል ብሎ ያምን ነበርና። መከላከያ ሚኒስቴሩን ለሐፌዝ አልአሳድ ተወለት። አፍላቅን በጠመንጃ የጣለ ሰው ራሱ በአፍላቅ ወንበር ላይ ተቀመጠ ማለት እንችላለን።

የ1967ቱ ጦርነት መጣ። በጁን 10 የደማስቆ ሬዲዮ ቁነይጥራ ከተማ መውደቋን ያወጀው ከተማዋ ገና ሳትያዝ ነበር፤ ወሬውን የሰማው ወታደር ቦታውን እየለቀቀ ሸሸ፣ ጎላንም ተወሰደ። ጀዲድና አልአሳድ ጥፋቱን አንዱ በሌላው ላይ እያላከኩ ሦስት ዓመት ቆዩ። በሴፕቴምበር 1970 የሶሪያ ታንኮች ፍልስጥኤማውያንን ለመርዳት ዮርዳኖስ ሲገቡ አልአሳድ አየር ኃይሉን አላዘዘም፤ ታንኮቹም ተመትተው ተመለሱ። ጀዲድ አስቸኳይ የፓርቲ ጉባኤ ጠራ። ጉባኤው ለሁለት ሳምንት ያህል ተወያይቶ አልአሳድንና የጦር አዛዡን ሙስጠፋ ጥላስን ከኃላፊነታቸው እንዲነሡ ወሰነ። ውሳኔው በድምፅ ብልጫ የተላለፈና በሕገ ደንቡ መሠረት ሙሉ በሙሉ የተሟላ ነበር። አልአሳድ በማግስቱ የጉባኤውን መሪዎች ያሳስር ጀመር። “የማስተካከያ ንቅናቄ” የሚባለው፣ ቤተሰቡን ለ54 ዓመት ሥልጣን ላይ ያኖረው ነገር ይህ ነው። ከአምስት ዓመት በፊት የተደረገው ሁሉ ተዋናዮቹ ቦታ ተለዋውጠው ተደገመ።

ጀዲድ ከደማስቆ በላይ ባለው ኮረብታ፣ በመዜህ ወህኒ ቤት፣ ፍርድ ቤት ሳይቀርብ 23 ዓመት ታስሮ በ1993 እዚያው ሞተ። አልአታሲ ከ22 ዓመት እስራት በኋላ ታሞ ተፈታና በወራት ውስጥ ፓሪስ ላይ አረፈ። ማኩስ ብቻ አመለጠ፤ ወጣት ሆኖ ቁስለኛ ወዳከመባት አልጄሪያ ተመልሶ በቀዶ ሐኪምነት ኖረ፣ በ2013ም እዚያው አረፈ። የእነሱ ተከታዮች የመሠረቱት የዴሞክራሲያዊ ባዝ ፓርቲ፣ ማለትም የአንጃው አንጃ፣ በ1980 ገደማ ከሌሎች የግራ ድርጅቶች ጋር በተቃዋሚ ኅብረት ውስጥ ገባ፤ በ2011 ሕዝባዊ ዐመፅ ሲነሣም በአገር ውስጥ ከነበሩት ሰላማዊ ተቃዋሚዎች ጋር ተሰልፏል። በአንድ ወቅት ማንንም የማያስተነፍስ መንግሥት የመሩ ሰዎች ወራሾች የምርጫና የነፃነት ጥያቄ አንግበው መምጣታቸውን አንዳንዶች እንደ አስመሳይነት ያዩታል። እኔ ግን እንደዚያ አላየውም፤ ወህኒ ቤት ሰውን ያስተምራል፣ ስማቸው ባልታወቀ ተራ አባላት የተከፈለው ዋጋም ቀላል አልነበረም።

በዚህ መካከል ሁለቱ ዋና ባዞች በመላው የአረብ ዓለም መንታ መንታ ወልደዋል። ሁለት ብሔራዊ አመራር ነበረ፤ አንዱ ደማስቆ፣ አንዱ ባግዳድ፤ እያንዳንዱም ሌላውን ከሃዲ ይለዋል። በሊባኖስ ሁለት ባዝ፣ በዮርዳኖስ ሁለት ባዝ። ለፍልስጥኤማውያን ደማስቆ አስሳኢቃ የሚባለውን ታጣቂ ድርጅት ስታቋቁም ባግዳድ የአረብ ነፃ አውጪ ግንባርን አቋቋመች። በጎረቤታችን በሱዳን የኢራቁ ክንፍ ከመኮንኖችና ከምሁራን ዘንድ ተከታይ ነበረው፤ በኤፕሪል 1990 በኦማር አልበሽር መንግሥት ላይ መፈንቅለ መንግሥት ሞክራችኋል ተብለው የተረሸኑት 28 መኮንኖች ከዚሁ ፓርቲ ጋር ግንኙነት እንደነበራቸው ተነግሯል።

አንድ ጊዜ ብቻ ዕርቅ ቀርቦ ነበር። ግብፅ ካምፕ ዴቪድ ላይ ከእስራኤል ጋር ስትስማማ፣ በኦክቶበር 1978 አልአሳድ ባግዳድ ሄደ፤ ከአልበክርም ጋር የጋራ ቻርተር ፈረሙ። ስለ አንድ መንግሥት፣ ስለ አንድ ሠራዊት መነጋገር ተጀመረ። ውሕደቱ ቢሳካ ኖሮ ከሁለቱ ፕሬዚዳንቶች በታች ሦስተኛ ሰው የሚሆነው ሳዳም ነበር። በጁላይ 1979 ግን አልበክር በጤና ምክንያት ለቀቅሁ አለና ሳዳም ወንበሩን ያዘ። ከስድስት ቀን በኋላ ባግዳድ ውስጥ አልኹልድ በሚባለው አዳራሽ የፓርቲው መሪዎች በሙሉ ተጠሩ። ፊልሙ አለ፤ ማንም ሊያየው ይችላል። አንድ የአመራር አባል መድረክ ላይ ቆሞ ከሶሪያ ጋር ስላሴሩት ሴራ ይናዘዛል። ሳዳም ሲጋራውን እያጨሰ ስም ይነበባል፤ ስሙ የተጠራ ተነሥቶ ይወጣል። መሐል ላይ ሳዳም መሐረብ አውጥቶ ዓይኑን ይጠርጋል። ያልተጠሩት በፍርሃት እየተነሡ የታማኝነት መፈክር ይጮኻሉ። ከ60 በላይ ሰዎች ተጠርተው ወጡ፤ ከ20 በላይ የሚሆኑት በገዛ ጓዶቻቸው እጅ ተረሸኑ። የክሱ ፍሬ ነገር እንግዲህ ለሌላው ባዝ፣ ያንኑ መፈክር ለያዘው፣ ወዳጅ መሆን ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው በአጭሩ ሊነገር ይችላል። የአረብ አንድነትን በሕገ ደንቡ ላይ ያስቀደመው የሶሪያ ባዝ፣ ኢራቅ ከኢራን ጋር ስምንት ዓመት ስትዋጋ ከኢራን ጎን ቆመ። በ1982 ድንበሩን ዘጋ፤ የኪርኩክን ነዳጅ ወደ ባንያስ ወደብ የሚያሻግረውን ቧንቧም አቋረጠ። ባግዳድ በፊናዋ የሶሪያን ተቃዋሚዎች፣ የሙስሊም ወንድማማቾችን ጨምሮ፣ ረዳች። በ1991 የሶሪያ ሠራዊት በአሜሪካ በሚመራው ጥምር ጦር ውስጥ ገብቶ በኢራቅ ላይ ተሰለፈ። በኤፍራጥስ ዳር፣ በአቡ ከማልና በአልቃይም መካከል፣ አንድ ጎሣ ሆነው በድንበሩ ግራና ቀኝ የሚኖሩ ቤተሰቦች አሉ። ለአሥራ አምስት ዓመት ያህል ለሠርግም ለለቅሶም በሕጋዊ መንገድ መሻገር አልቻሉም። በቅኝ ገዥዎች እርሳስ የተሰመረውን መሥመር እናጠፋዋለን ያሉት ሁለቱ ፓርቲዎች፣ ቅኝ ገዥዎቹ ካደረጉት በላይ አጠበቁት።

በሜይ 2003 የአሜሪካ ጊዜያዊ አስተዳደር የመጀመሪያ ትእዛዙ አድርጎ ባዝን ከኢራቅ መንግሥት መዋቅር ነቀለ። ለሥራ ሲል አባል የሆነው መምህርና ሐኪም፣ ሰው ካሰቃየው የደኅንነት ሹም ጋር አብሮ ተጠረገ፤ ከዚያ የተከተለውን ጦርነት ሁላችንም እናውቀዋለን። የተረፈው ስውር ድርጅትም በ2007 ዳግም ተሰነጠቀ፤ የሳዳም ምክትል የነበረው ኢዛት አልዱሪ አንዱን ሲይዝ፣ ሙሐመድ ዩኑስ አልአህመድ ሌላውን በሶሪያ መንግሥት ጥላ ሥር ሆኖ መራ። በሶሪያ በኩል ደግሞ በ2012 ባዝ የመንግሥትና የኅብረተሰቡ መሪ ነው የሚለው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 8 ተነሣ፤ በ2017 የደማስቆው ብሔራዊ አመራር ራሱ ተሰረዘ። የዚያን ጊዜ ማንም ብዙ አላወራለትም፤ ነገር ግን በ1966 ደም የፈሰሰበት ተቋም ነበር።

አሁን ሁለት ሰነዶች ጎን ለጎን አሉ። የ2005ቱ የኢራቅ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 7 የሳዳምን ባዝ “በማንኛውም ስም” ይከለክላል፤ የ2025ቱ የደማስቆ መግለጫም ሌላኛውን ባዝ በዚሁ አነጋገር ይከለክለዋል። ለኔ አሳሳቢ ሆኖ የሚታየኝ ግን ከሰነዶቹ በታች ያለው ሕዝብ ነው። አሳድ ዲሴምበር 8 ቀን 2024 ከሸሸ በኋላ በደማስቆ የፓርቲው ጽሕፈት ቤት የነበረው ሕንፃ ወታደሮች፣ ፖሊሶችና የድሮ አባላት መሣሪያቸውን አስረክበው ጊዜያዊ ወረቀት የሚቀበሉበት ቦታ ሆነ። ሰዎቹ በዚያ ደጃፍ ሰልፍ ይዘው ቆመው ነበር፤ በሰልፉ ውስጥ የገደለ ሊኖር ይችላል፣ አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላው በትምህርት ቤት ቅጽ ተሰጥቶት የፈረመም አለ። ኢራቅ ሁለቱን ሳትለይ ቀርታ ዋጋዋን ከፍላለች። የሶሪያ አዲሶቹ ሹማምንት ሰልፈኛውን አንድ በአንድ ጠይቀው ይለዩት እንደሆነ፣ ወይስ ሁሉንም “ባዝ” ብለው በአንድ መዝገብ ያስገቡት እንደሆነ፣ በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ በሚጻፈው ይታያል።